ብራንዱ መጨረሻ ይምጣ፦ በአሜሪካ ገልባጭ ተሳቢ ስለ መግዛት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመኖሪያ ሰፈሮች፣ በዳላስ ዳርቻ፣ በዴንቨርና በሲያትል አውራ ጎዳናዎች ከፒካፕ ኋላ ታስሮ የሚሄድ ገልባጭ ተሳቢ የዕለት ተዕለት እይታ ሆኗል። ጣሪያ የሚቀይሩ፣ ግቢ የሚያሳምሩ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አፍርሰው የሚያድሱ፣ አሮጌ ዕቃ የሚያነሡ ትንንሽ ድርጅቶች ሙሉ ገልባጭ መኪና ከመግዛት ይልቅ ወደዚህ ተሳቢ አዘንብለዋል። ከእነሱ መካከል የእኛ ሰዎችም አሉ። ታክሲና ኡበር ሲነዱ የቆዩ፣ ከቤተሰብ ርቆ መክረም የሰለቻቸው የረጅም ርቀት ሹፌሮች፣ ዕቁብ ደርሷቸው ገንዘቡን ወደ ሥራ ሊለውጡ ያሰቡ ወገኖች በተገናኙ ቁጥር የሚጠያየቁት አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ብራንድ ይሻላል?

ወደ ተሳቢ ማዘንበሉ በቂ ምክንያት አለው። ገልባጭ መኪና ሞተርና ካምቢዮ ስላለው ሥራ ኖረም አልኖረም ወጪው አይቆምም። ተሳቢ ግን ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ፒካፑም የቤተሰብ መኪና ሆኖ ይውላል። ደንበኛ ግቢ ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ቀን ትቶት መሄድ ስለሚቻል የኪራይ ዳምፕስተርን ሥራም ይሠራል። ሲሞላ አንድ ሰው ብቻውን፣ አካፋ ሳያነሣ፣ አራት ቶን ፍርስራሽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደፋበታል። ቀድሞ በተራ ተሳቢ ጭነው በእጃቸው ሲያራግፉ ለነበሩ ሰዎች ይህ የግማሽ ቀን ጉልበት ማለት ነው።

የብራንዱ ጥያቄ ግን ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚጫነው ነገር ምን ያህል ይመዝናል፣ ጎታቹ መኪናስ ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው። ይህንን ሳይመልስ ወደ ሻጭ የሄደ ሰው የሚገዛው ሻጩ ግቢ ውስጥ የቆመለትን ነው። ሻጩ የሚያሳየው ደግሞ ለዓይን የሚሞላውን ነው፦ ርዝመቱን፣ የጎኑን ከፍታ፣ የላሜራውን ውፍረት፣ የቀለሙን ማማር። እነዚህ ሁሉ ተሳቢው የሚሸከመውን አይነግሩም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ይቀንሱታል።

ገበያው ላይ በብዛት የሚታየውን መደብ እንውሰድ። ሰባት ጫማ ገደማ ስፋት፣ 14 ጫማ ርዝመት፣ ሁለት ጫማ ከፍታ ያለው ጎን፣ እያንዳንዳቸው 7,000 ፓውንድ የሚችሉ ሁለት አክስሎች። መለያው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ክብደት 14,000 ፓውንድ ነው። ብዙ ገዢ ይህንን ቁጥር አይቶ "14 ሺህ ፓውንድ ይጭናል" ይላል። ቁጥሩ ግን ተሳቢው ራሱንም ጭኖ ነው። ባዶው በብዛት ከ4,000 እስከ 5,000 ፓውንድ ስለሚመዝን ለጭነት የሚተርፈው 9,500 ፓውንድ አካባቢ፣ በእኛ ልኬት 43 ኩንታል ገደማ ነው።

አሁን ካሶኒውን እንለካው። ሰባት በ14 በሁለት ጫማ ሲባዛ ከሰባት ኪዩቢክ ያርድ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ያርድ ጠጠር 2,800 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ካሶኒው እስከ አፉ በጠጠር ቢሞላ ጭነቱ ከ19,000 ፓውንድ ያልፋል፤ ከተፈቀደው እጥፍ ማለት ነው። በሕግና በደኅንነት የሚጫነው ሦስት ያርድ ከምናምን ብቻ ነው፤ ያም ከጎኑ ግማሽ አይደርስም። ዝናብ የጠጣ አፈርም ከጠጠር ብዙ አይለይም። የተፈረካከሰ ኮንክሪት በመካከሉ ክፍተት ስላለው ዓይን ያታልላል፤ ክብደቱ ግን በፍጥነት ነው ጣሪያው ላይ የሚደርሰው።

አገር ቤት ግንባታ ላይ የሠራ ሰው ጭነትን የሚያስበው በይዘት ነው። አሸዋና ጠጠር በቢያጆ ወይም በሜትር ኪዩብ ይገዛል፤ የሲኖትራኩ ካሶኒ ሞላ ማለት ጭነቱ ሞላ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠጠር አምራቹ በር ላይ ሚዛን አለ፤ ጠጠሩም የሚሸጠው በቶን ነው። ቆሻሻ መጣያውም ብዙውን ጊዜ ሲገቡና ሲወጡ መዝኖ ነው የሚያስከፍለው። መንገድ ላይ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሚዛን የያዘ ፖሊስ ሊያስቆም ይችላል። ከይዘት ወደ ክብደት አስተሳሰቡን ያልለወጠ ሰው ያለ ክፋት፣ ባለማወቅ ብቻ፣ በየቀኑ ከአቅም በላይ ሲጭን ይውላል።

የጣሪያ ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። የጣሪያ ባለሙያዎች መቶ ካሬ ጫማን አንድ ስኩዌር ይሉታል። የአንድ ስኩዌር ተራ ሺንግል 250 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ወፍራሙ ዓይነት ከዚህም ይበልጣል። 25 ስኩዌር ያለው መካከለኛ ቤት አንድ ንብብር ብቻ ካለው የሚነሣው 6,250 ፓውንድ ነው፤ ባለ 14 ሺሁ ተሳቢ በአንድ ጉዞ በምቾት ይወስደዋል። የቀድሞው ባለቤት በአሮጌው ላይ አዲስ ደርቦበት ከሆነ ግን 12,500 ፓውንድ ይሆናል። እዚያ ላይ ሥራው ሁለት ጉዞ ነው፤ የነዳጁም፣ የሰዓቱም፣ የመጣያውም ሒሳብ ይለወጣል። ዋጋ ከመንገሩ በፊት የጣሪያውን ጠርዝ አንሥቶ ንብብሩን የቆጠረ ሰው ያተርፋል፤ ያልቆጠረው ወይ ይከስራል ወይ አትርፎ ለመጨረስ ሲል በአንድ ጊዜ ይጭነዋል። አክስል የሚጎብጠውና ጎማ የሚፈነዳው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ቀላል ነገር ለሚያነሣ ሰው ሒሳቡ ይገለበጣል። ሶፋ፣ ፍራሽ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ አትክልት ሥር የሚነሰነስ ማልች ክብደታቸው ትንሽ፣ ቦታ የሚይዙት ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ አራት ጫማ ጎን ያለው ተሳቢ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ 14 ያርድ ይይዛልና በአንድ ጉዞ አንድ ቤት ባዶ ያደርጋል። ችግሩ ያንኑ ተሳቢ ይዞ በማግስቱ አፈር ለመጫን የሚሄድ ሰው ጋ ነው። ከፍ ያለው ጎን "ገና አልሞላም" እያለ ይገፋፋዋል። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ ሰው ሁለት ጫማ ጎን ያለው፣ በጎኑ ላይ የእንጨት ጣውላ መሰካት የሚያስችል ኪስ የተበየደለት ተሳቢ ቢገዛ ይሻለዋል። ጣውላው ለቀላሉ ዕቃ ይሰካል፣ ለአፈሩ ይወጣል።

ርዝመቱም እንደዚሁ ነው። ባለ 16 ጫማው ከባለ 14 ጫማው በትንሽ ገንዘብ ስለሚበልጥ ብዙ ሰው "ከተገዛ አይቀር" ይላል። ሁለቱም መለያቸው 14,000 ፓውንድ ከሆነ ግን ረጅሙ በራሱ ክብደት ጥቂት መቶ ፓውንድ ይጨምርና ያንኑ ያህል ከጭነቱ ይቀንሳል። በጠባብ ግቢ ለመታጠፍም ያስቸግራል። ትንሽ ቁፋሮ ማሽን ወይም ቦብካት ጭኖ ለሚሄድ ሰው ርዝመቱ ዋጋ አለው፤ ለሌላው ግን ትልቅ መስሎ ትንሽ የሚጭን ተሳቢ ነው።

አሁን ወደ ጎታቹ እንምጣ፤ ብዙ ግዢ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከፒካፑ ኋላ በኳስ ላይ የሚታሰር ተሳቢ ከሙሉ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ምላሱ፣ ማለትም ከፒካፑ ጋር የሚያያዘው የፊት ክንዱ ላይ ማሳረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ በፍጥነት ላይ ጅራቱን ያወዛውዛል፤ ከበዛ ደግሞ የፒካፑን ኋላ ደፍቆ የፊት ጎማዎቹን ያቀልላል። እስከ ጥጉ የተጫነ ባለ 14 ሺህ ተሳቢ ቢያንስ 1,400 ፓውንድ ፒካፑ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ መለያ ብታነቡ፣ ሰዎቹና ዕቃው ተደምረው ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለባቸው ይናገራል። ግማሽ ቶን በሚባሉት ፒካፖች፣ ማለትም በፎርድ ኤፍ-150፣ በሲልቨራዶ 1500፣ በራም 1500 ብዙዎቹ ላይ ይህ ቁጥር በ1,500 አካባቢ ነው። ሁለት ሠራተኞችና መሣሪያቸው 450 ፓውንድ ከወሰዱ የቀረው 1,050 ነው። ይህም በደህናው ጊዜ ተጭኖ ዘጠኝና አሥር ሺህ ፓውንድ ለሚመዝን ተሳቢ ይበቃል፤ ለ14 ሺሁ አይበቃም። ማስታወቂያው ላይ መኪናው 11 ወይም 13 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ የተጻፈው በተወሰነ ሞተር፣ በተወሰነ ዕቃና በተወሰነ አጫጫን ነው። የእርስዎን መኪና የሚመለከተው የበሩ መለያና ተሳቢው የሚታሰርበት ሂች ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ሕጉ ደግሞ የራሱ መስመር አለው። በፌደራሉ ደንብ የጎታቹና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተሳቢው ብቻውንም ከ10,000 ፓውንድ ከበለጠ፣ ነጂው ክላስ ኤ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያስፈልገዋል። 10,000 ፓውንድ የተፈቀደለት ኤፍ-250 ባለ 14 ሺሁን ሲጎትት ድምሩ 24,000 ስለሆነ ከመስመሩ በታች ነው። ኋላው ጥንድ ጎማ የሆነ፣ 14,000 የተፈቀደለት ኤፍ-350 ያንኑ ተሳቢ ሲጎትት ግን 28,000 ይሆንና ሲዲኤል ይጠየቃል። ይበልጥ የሚችለው መኪና ነው ሕጉ ውስጥ የሚያስገባው። ተሳቢው ባዶ መሆኑም አያድንም፤ የሚታየው የተፈቀደው ክብደት ነው። አንዳንድ አምራቾች ያንኑ ሁለት ባለ 7,000 አክስል አድርገው ምላሱ ላይ የሚያርፈውን በመደመር ከ15,000 ፓውንድ በላይ መለያ ይለጥፋሉ፤ ይህ ለጭነት ጥቅም ሲሆን ለድምሩ ግን ሸክም ነው። ከየካቲት 7 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በተመዘገበ ማሠልጠኛ መማር ግዴታው ስለሆነ "ኋላ አወጣዋለሁ" የሚባል ቀላል ነገር አይደለም። ከረጅም ርቀት ሹፌርነት ወደዚህ ሥራ ለሚመጡ ወገኖች ሲዲኤላቸውን ጠብቀው ማቆየት ትልቅ ሀብት ነው፤ ሌላው የማይገባበትን ምርጫ ይከፍትላቸዋል።

ከሲዲኤሉ በታች ሌላ መስመር አለ። ለንግድ የሚሠራ፣ ከስቴት ወደ ስቴት የሚሻገር፣ ጎታቹና ተሳቢው ተደምረው 10,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆኑ ከሆነ የዲኦቲ (የፌደራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር፣ የሹፌር የጤና ምርመራ ወረቀትና ዓመታዊ ምርመራ ያስፈልገዋል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚሠራ ሰው ጠዋት አሌክሳንድሪያ ጭኖ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ሊደፋ ይችላል። ሥራው ትንሽ ቢሆንም በአንድ ቀን ሁለት ስቴትና አንድ ዋና ከተማ ያቋርጣልና ደንቡ በቀጥታ ይመለከተዋል። አንድ ስቴት ውስጥ ብቻ ለሚሠራም ስቴቱ የራሱ ደንብ አለው፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

ክብደቱና ጎታቹ ከታወቁ በኋላ ነው ስለ ብረቱ ማውራት የሚገባው።

ከሁሉ በላይ ዕድሜውን የሚወስነው ካሶኒውን የሚያነሣው ሃይድሮሊክ ነው። ዋናዎቹ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። በቀጥታ ከሥር የሚገፋ አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር ያለው ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን ካሶኒው ገና ተኝቶ ሳለ ሲሊንደሩም ስለሚተኛ መነሻው ላይ ይቸገራል። ጭነቱ ሙሉ የሚሆነው ደግሞ ያኔ ነው። መቀስ የሚባለው ዓይነት በመካከሉ ማጠፊያ ክንድ ስላለው ገና ከመነሻው ጉልበት ያገኛል፣ ክብደቱንም ሻንሲው ላይ ሰፋ አድርጎ ያሳርፋል፤ በዚህ መደብ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። ሦስተኛው ከካሶኒው ፊት ቆሞ እንደ አንቴና እየተመዘዘ የሚወጣው ነው። ጫፍ ይዞ ስለሚያነሣ በትንሽ ግፊት ብዙ ይገፋል፣ ካሶኒውንም ይበልጥ ያጋድላል። እርጥብ ጭቃና ሸክላ አፈር ለሚጭን፣ በዴንቨር ክረምት ከወለሉ ጋር የሚቀዘቅዝ አፈር ለሚገጥመው ሰው ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ ካልተጋደለ አይወርድለትምና። በሌላ በኩል ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚያረጁ የዘይት ማገጃ ጎሚኒዎቹም ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜም የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም በፓምፕ የሚሠራውን የፈለገ ሰው በአብዛኛው መቀሱን ይመርጣል። በእኔ ግምት ልዩ ልዩ ሥራ ለሚሠራ ጀማሪ መቀሱ በቂ ነው፤ ዘወትር አፈር የሚያመላልስ ግን በተመዛዡ ላይ የሚጨምረው ገንዘብ አይቆጨውም።

ፓምፑ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ካሶኒውን ሲያነሣም ከመቶ አምፒር በላይ ይስባል። "ሃይድሮሊኩ ተበላሸ" ተብሎ ወደ ጋራዥ ከሚመጣው ብዙው የባትሪ ችግር ነው። ከፒካፑ በሽቦ የሚመጣው ቻርጅ ቀኑን ሙሉ ለሚደፋ ተሳቢ አይደርስበትም። ማታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያያዝ ቻርጀር ተገጥሞለት መምጣቱን መጠየቅና በየሌሊቱ መሰካት ነው። ይህ ትንሽ ልማድ የሥራ ቀንን ያድናል።

ላሜራው ላይ ሻጮች ብዙ ያወራሉ። የሚለካበት ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል፤ ባለ 10 ጌጅ ወለል 3.4 ሚሊሜትር፣ ባለ 7 ጌጅ ደግሞ 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኤክስካቫተር ከላይ ኮንክሪት የሚጥልበት ከሆነ ባለ 7 ጌጁ አስፈላጊ ነው። ሶፋና ቅርንጫፍ ለሚጭን ግን ውፍረቱ በየቀኑ በከንቱ የሚጎተት ክብደት ነው። ከላሜራው ይልቅ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ሥር ያሉት አግዳሚ ብረቶች በስንት ኢንች ርቀት እንደተደረደሩ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። በ12 ኢንች የተደረደረ ባለ 10 ጌጅ ወለል ተራርቆ ከተደረደረ ወፍራም ወለል በተሻለ ቅርጹን ሊጠብቅ ይችላል።

ጎማው ላይ ግን ማንም አያወራም፤ እኔ ትንሽ ልቆይበት። በዚህ መደብ የተለመደው ባለ 16 ኢንች ጎማ፣ ባለ አሥር ንብርብሩ፣ በሙሉ ነፋስ እያንዳንዱ 3,520 ፓውንድ ይችላል። አራቱ ሲደመሩ 14,080 ነው። ከተፈቀደው ክብደት የሚተርፈው 80 ፓውንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ጎማዎቹን የሚያቀልላቸው ምላሱ ፒካፑ ላይ የሚያሳርፈው ብቻ ነው፤ ነፋስ ከጎደለ ወይም ጭነት ከበዛ ያ ትርፍ ቶሎ ያልቃል። በሐምሌ ሙቀት በዳላስ አውራ ጎዳና ላይ ተዘርሮ የሚታየው የተሳቢ ጎማ ፍርስራሽ ውስጥ ከዚህ የመጣ አለ። ሲገዛ ከፍ ያለ አቅም ያለውን ጎማ ማስቀየር ትንሽ ጭማሪ ነው፤ ትርፍ ጎማና ክሪክም አብሮ ይግባ። ባሌስትራና ኩሽኔታ ግራሶ በየጊዜው ይፈልጋሉ። ፍሬኑ በሁለቱም አክስሎች ላይ መኖሩን፣ ተሳቢው ቢበጠስ በራሱ ፍሬን የሚይዝበት ገመድና ባትሪ መሥራቱን ሻጩ ፊት ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ብራንዱ ይምጣ። ቢግ ቴክስ፣ ፒጄ፣ ሎድ ትሬይልና ዳይመንድ ሲ ሁሉም ከሰሜን ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ከማውንት ፕለዘንትና ከፓሪስ ከተማ አካባቢ የሚወጡ ናቸው። በምሥራቁ በኩል የፔንሲልቬንያው ብሪ-ማርና የኢንዲያናው ሹር-ትራክ ይታወቃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አክስላቸውን ከዴክስተር ወይም ከሊፐርት፣ ፓምፓቸውን ከጥቂት ተመሳሳይ አቅራቢዎች ይገዛሉ። በሚያልቀውና በሚበላሸው ዕቃ ስለዚህ ይቀራረባሉ። የሚለያዩት በሻንሲው አሠራር፣ በብየዳው ጥራት፣ በቀለሙ ዝግጅትና በዋስትናው ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ሥራ ለቆመበት ሰው ሦስት ሰዓት ርቆ ከሚገኝ ስመ ጥር ይልቅ መለዋወጫ ይዞ በ20 ደቂቃ የሚደርስ ሻጭ ያለው መካከለኛ ብራንድ ይሻለዋል።

ዋጋውን የሚነዳው ብረት ነው። አሜሪካ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። በመጋቢት 2025 ከዚያ ነጻ የነበሩ አገሮችም እንዲከፍሉ ተደረገ፣ በሰኔ 2025 ቀረጡ ለአብዛኞቹ አገሮች ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። ተሳቢው እዚያው ቴክሳስ ቢበየድም የአገር ውስጡ ብረት ከውጭው ጋር ስለሚወዳደር ዋጋው አብሮ ይነሣል። የተናገርንለት መደብ አዲሱ በብዛት ከ10 ሺህ ዶላር ወዲህና ወዲያ ሲሸጥ ቆይቷል። ይህም ብዙዎችን ወደ አሮጌው ገበያ ወይም "ክሬዲት አንጠይቅም" ወደሚል የኪራይ ግዢ ይገፋቸዋል።

በኪራይ ግዢ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ለምሳሌ በወር 450 ዶላር ለ48 ወር ቢባል የሚከፈለው 21,600 ዶላር ነው። ወርኃዊውን በወራቱ አባዝቶ ከጥሬ ገንዘብ ዋጋው ጋር ሳያስተያይ መፈረም የሁለት ተሳቢ ገንዘብ ከፍሎ አንድ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ ዕቁብ ያለን ሰዎች ያለን ዕድል ትልቅ ነው፤ ወለድ የሌለው ገንዘብ ከባንክ በቀላሉ አይገኝም። ተራ እስኪደርስ ለጥቂት ወር እየተከራዩ መሥራትም ነውር የለበትም። እንዲያውም የትኛው መጠን እንደሚስማማ የሚታወቀው በኪራዩ ጊዜ ነው።

አሮጌ ሲገዛ ካሶኒውን አስነሥቶ፣ ካሶኒው እንዳይወርድ የሚይዘውን ደጋፊ ብረት አስገብቶ፣ ዙሪያውን ማየት ነው። ሻንሲው አክስሎቹ ጋ ጎብጦ ወይም በብየዳ ተጠግኖ ከሆነ ያ ተሳቢ ዕድሜውን ከአቅም በላይ ሲጫን ኖሯል። የማጠፊያው ፒን ሲነቀነቅ ይታያል፤ የበሩ ማዕዘን ከተጣመመ ካሶኒው ራሱ ተጠማዟል። ጎማው ጎን ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው አርጅቷል። የሻንሲው ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መስጠት አይገባም፤ የተሰረቀ ተሳቢ በየቦታው ይሸጣል። ኢንሹራንስም አስቀድሞ ይጠየቅ። ብዙ የግል መኪና ኢንሹራንሶች ለንግድ ሥራ የሚደርስን አደጋ አይሸፍኑም፤ አንድ አደጋ የዓመታት ልፋት ሊወስድ ይችላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሕይወት ነው። ይህን ሥራ የሚጀምሩ ብዙዎች ብቻቸውን፣ ከሌላ ሥራ መልስ፣ ደክሟቸውና መሽቶ ነው የሚሠሩት። የተነሣ ካሶኒ በአንዲት ቱቦ መፈንዳት በቅጽበት ይወርዳል። ደጋፊው ብረት ሳይገባ እጅንም ራስንም ከሥሩ ማስገባት አይገባም፤ ይህ ለአንድ ደቂቃ ሥራም ቢሆን የማይጣስ ነው። ሲደፋ መሬቱ ወደ ጎን ያዘነበለ አይሁን፣ ተሳቢው ከፒካፑ አይፈታ፣ ከላይ የኤሌክትሪክ ገመድ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ጭቃው ከፊት ተጣብቆ ከቀረ ካሶኒውን አውርዶ መኮትኮት ነው፤ ከፍ አድርጎ ፒካፑን ማንገጫገጭ ተሳቢውን ከነመኪናው በጎን ሊጥለው ይችላል። ገዢው ሻጩ ግቢ ሳለ ደጋፊው የት እንዳለና እንዴት እንደሚገባ ያሳዩት ዘንድ ይጠይቅ። ደጋፊ የሌለውን ተሳቢ በምንም ዋጋ እንዲገዛ አልመክርም።

ፍርዴ ይኸው ነው። እንደ ኤፍ-250 ያለ ሦስት ሩብ ቶን ፒካፕ ላለው፣ ፍርስራሽም አፈርም ዕቃም ለሚያነሣ ሰው ባለ 14 ጫማው፣ ባለ 14,000 ፓውንዱ፣ ሁለት ጫማ ጎንና የጣውላ ኪስ ያለው፣ በመቀስ የሚነሣው ተሳቢ ትክክለኛው ነው፤ ወለሉ ባለ 7 ጌጅ የሚሆነው ኮንክሪት የሚጭን ከሆነ ብቻ ነው። ግማሽ ቶን ፒካፕ ያለው ሰው ባለ አሥር ወይም 12 ጫማ፣ መለያው ከ9,990 ፓውንድ የማይበልጠውን ይግዛ፤ ትልቁን የሚገዛው ፒካፑን ሲለውጥ ነው። ለአንድ የራሱ ግቢ ጠጠር ብቻ የሚፈልግ ሰው ምንም አይግዛ፤ አምራቹ በገልባጭ መኪና ያመጣለታል።

ወደ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት የፒካፕዎን በር ከፍተው መለያውን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ሻጩን መጀመሪያ እሱን ያሳዩት።